ጭንቅላት ላይ ጨረር ሲሰጥ ማስታወስን ለመጠበቅ

ጥያቄ፦ እናቴ የጡት ካንሰር ወደ አንጎላቸው ተሰራጭቶ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ለጨረር ተልከዋል። ሙሉ ጭንቅላታቸው ለ10 ቀን ይታከማል ተብለናል። ጎረቤት «ሰው መለየት ያቅታቸዋል» እያለ ያስፈራራናል። መከላከያ አለው? ጾም ላይ ናቸው፤ መጠመቅም ይፈልጋሉ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ልጆቻቸውን መለየት ያቅታቸዋል ብለው አይስጉ። የሚያሰጋው ከወራት በኋላ አዲስ ነገር መያዝ መቸገር ነው። አዲስ ትዝታ የሚመዘግበው ሂፖካምፐስ የተባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል በቀላሉ በጨረር ይጎዳል።

የተለመደው መጠን 30 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፤ በቀን 3 ግሬይ እየሆነ ይሰጣል። በመሃል ባሉት ሰዓታት ጤነኛው ሕዋስ ራሱን ይጠግናልና መከፋፈሉ ራሱ ጥበቃ ነው። አንድ ቀን ቢያልፍ «ነገ ደርባችሁ ስጡልን» አይበሉ።

በሕክምናው ጊዜ ጭንቅላት እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው የፊት ማስክ ከመሠራቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ። ዕጢዎቹ ጥቂት ከሆኑ እነሱን ብቻ ማነጣጠር ይቻላል? ካልተቻለ ሂፖካምፐስን ከጨረሩ መቆጠብስ? ለዚህ ዘመናዊ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ዕጢውም ከሂፖካምፐስ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ያኔ ክፍሉ ላይ የሚደርሰውን ወደ 16 ግሬይ መገደብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ የማሰብ መዳከም መቀነሱን አሳይቷል።

ማስታወስን ለመጠበቅ ስለሚሰጠው ሜማንቲን ስለተባለው ክኒንም ያንሱ። ጨረሩ በጀመረ 3 ቀን ውስጥ፣ ጠዋት 5 ሚሊ ግራም ተብሎ ይጀመራል፤ በየሳምንቱ 5 እየጨመረ በአራተኛው ሳምንት ጠዋትና ማታ 10 ይደርሳል፤ እስከ 24 ሳምንት ይቀጥላል። ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀንሳል። መርሳትን ያዘገያል እንጂ ጨርሶ አያስቀርም።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በዴክሳሜታዞን ነው። የአንጎልን እብጠት ይቀንሳል፤ ግን ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰድ። በባዶ ሆድ ጨጓራ ይጎዳል፤ ማታ ከሆነ እንቅልፍ ይነሳል። እስከ 9 ሰዓት መጾም አብሮት አይሄድም፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ትፈቅዳለችና የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ። በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፦ እብጠቱ ይመለሳል፤ ሰውነትም የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ሊዝለፈለፉ ይችላሉ። ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ያውርደው።

ጸበሉን ይጠመቁ፤ ክኒኑን ግን፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካላቸው፣ አያቋርጡ። ጭንቅላታቸው አይታሽ፤ አናታቸው ላይ ቅቤም አይቀቡ፤ ወፍራም ቅባት ቆዳው የሚቀበለውን ጨረር ይጨምራል።

ጨረሩ ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ የሚያጥበው ሻይም አያስፈልግም፤ የልጅ ልጆቻቸውን ይቀፉ። ካበቃ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ከባድ ድካምና እንቅልፍ ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም መንቀጥቀጥ ከታየ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷቸው።