ፓኬጅ ይጫኑ ወይስ ኤንተር ይጫኑ?

ጥያቄ፦ ለመሥሪያ ቤታችን አዲስ ሠራተኞች ኡቡንቱ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ላይ ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) ፓኬጅ፣ ማለትም ለጭነት የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ አጫጫንን የሚያሳይ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። «ትእዛዙን ጽፈው ኤንተርን ይጫኑ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ፓኬጅ ይጫኑ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «ፓኬጁንም በጣታቸው ነው የሚጫኑት?» ብሎ ሳቀብኝ። ሠራተኞቹ ደግሞ አንዴ «አልተጫነም»፣ አንዴ «አልጫን አለኝ» እያሉ ይጽፉልኛል። ልዩነት አለው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ያለ ምክንያት አልሳቀም። እዚህ ሁለት ግሶች ተጋጭተዋል። አንዱ «ጫነ» ነው፣ ሌላው በጣት መግፋትን የሚናገረው «ተጫነ»። ለጓደኛ ሲነገር ችግር የለም፦ «ፓኬጁን ጫን»፣ «ኤንተርን ተጫን»። ጣጣው የሚመጣው አክብሮት ሲገባ ነው። ሁለቱም «ይጫኑ» ይሆናሉ። በአፍ ሲነገር ይለያሉ፤ ለፓኬጁ «ጫ» ይላላል፣ ለኤንተር ይጠብቃል። ፊደላችን ግን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ስለዚህ ወረቀት ላይ አንድ ሆነው ቁጭ ይላሉ። «መጫን»ም እንዲሁ ነው።

መውጫው ቀላል ነው። ትእዛዝ አንቀጹን ትተው «ፓኬጁን ይጭናሉ»፣ «ኤንተርን ይጫናሉ» ብለው ይጻፉ። «ሲጭኑ» እና «ሲጫኑ»ም አይምታቱም። ወይም ለኤንተር ሌላ ግስ ይስጡት፦ «ኤንተርን ይምቱ»። እኔ ብሆን ይህንን እመርጣለሁ። ሰው በአፉ «ኤንተር በለው» ይላል፤ መመሪያ ላይ ግን ትንሽ ይቀልላል። «ኢንስቶል ያድርጉ» ማለትም ነውር የለውም፣ ግን «ጫነ»ን የመሰለ ግስ እያለ ምን አስቸኮለን?

ሁለተኛው ጥያቄዎ ለእኔ ይበልጥ ይጥማል። «አልተጫነም» የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓኬጁ ማሽኑ ላይ የለም። የሞከረ ይኑር አይኑር አናውቅም። «አልጫን አለኝ» ግን ሙከራም እምቢታም አለበት። አሠራሩን ልብ ይበሉ፦ «አልጫን» አንደኛ መደብ ነው። ፓኬጁ ራሱ አፍ አውጥቶ እየተናገረ ነው። መኪናው አልነሳ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ እንደምንለው ማለት ነው። ብዙ ከሆኑም «አንጫን አሉ» ይባላል።

ይህ ለእርስዎ ሥራ ይጠቅማል። «አልተጫነም» ያለው ሠራተኛ ምናልባት ትእዛዙን ገና አልጻፈም። «አልጫን አለኝ» ያለው ግን ስክሪኑ ላይ ምላሽ አይቷል፤ ምላሹን እንዳለ ይላክልዎ። ፓኬጁ አልተገኘም የሚል ከሆነ ወይ ስሙን ተሳስቶ ጽፏል፣ ወይ አስቀድሞ «አፕት አፕዴት» አላለም (አፕት ኡቡንቱ ላይ ፓኬጅ የምንጭንበት ትእዛዝ ነው)። ቁልፍ መያዝ አልተቻለም የሚል ከሆነ ደግሞ ሌላ ጭነት በጓሮ እየተካሄደ ነው፤ ኡቡንቱ የደኅንነት ማሻሻያዎችን ራሱ ስለሚጭን ይህ ያጋጥማል። እስኪጨርስ መጠበቅ ነው።

መቼም ነገር ከተነሳ፣ «አፕዴት»ን «ማሻሻል» ብለው እንዳይተረጉሙት። አፕት ላይ ይህ ትእዛዝ የፓኬጆቹን ዝርዝር ከማደስ ውጭ የሚያሻሽለው ነገር የለም። የተጫኑትን ወደ አዲሱ እትም የሚያሻሽለው «አፕግሬድ» ነው። «ዝርዝሩን ያድሳሉ»፣ «ፓኬጆቹን ያሻሽላሉ» ካሉ ማንም አይሳሳትም።

ለማጥፋቱም ቃሉ ዱሮም ነበረን፤ የተጫነ ይራገፋል። «አፕት ሪሙቭ» ፕሮግራሙን ያራግፍና የሲስተሙን የማስተካከያ ፋይሎች ይተዋቸዋል። «አፕት ፐርጅ» እነሱንም ጨምሮ ያጠፋል። ለመጀመሪያው «ያራግፋሉ»፣ ለሁለተኛው «ጠራርገው ያጠፋሉ» ይበሉ። በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ያሉትን ግን ፐርጅም አይነካቸውም፤ «ጠራርገው» ካሉ አይቀር ይህችን በአንድ መስመር ይጨምሩባት።