እጅ በአፍ ያስጫኑኝ የጌም ቅጽበቶች

«በጌም ሕይወታችሁ እጃችሁን በአፋችሁ ያስጫናችሁ ቅጽበት የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከእኔ በፊት የመለሱት የጌም ቡድናችን አባላት አብዛኞቹ የግራፊክስ ውበትን አንስተዋል። በእኔ ልምድ ግን በግራፊክሱ ብቻ ያስደነቀኝ ጌም ሌላ የተሻለ ሲመጣ አድናቆቱም አብሮት ይደበዝዛል። ዓመታት አልፈውም ያልደበዘዘብኝ፣ ጌሙ እኔ ከገመትኩት በላይ ሰፊ ሆኖ ያገኘሁበት ቅጽበት ነው።

ከሁሉም የማስቀድመው እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣውን፣ በጃፓናዊው የጌም ዲዛይነር በፉሚቶ ዌዳ መሪነት የተሠራውን ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስን ነው። በዚያ ሰፊ ምድር ላይ ከ16 ግዙፍ ፍጥረታት በቀር የሚገጥም ጠላት የለም፤ ከተማም፣ ገበያም፣ ተልእኮ የሚሰጥ ሰውም የለም። ተጫዋቹ ሰይፉን ወደ ፀሐይ ሲያነሣ የሚሰበሰበውን ብርሃን ተከትሎ በጭው ያለው ሜዳ ላይ ፈረሱን ይጋልባል። የመጀመሪያውን ፍጥረት ሳገኘው ቁመቱ ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት የሚበልጥ መስሎኝ በየት በኩል እንደምወጋው ግራ ገባኝ። መልሱ እላዩ ላይ መውጣት ነበር። የባቱን ደካማ ቦታ ሲወጉት ይንበረከካል፤ ከዚያ አር ዋንን (የጆይስቲኩን የመጨበጫ ቁልፍ) ተጭኖ ይዞ በጠጉሩ እየተንጠላጠሉ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ ራሱ መውጣት ነው። ፍጥረቱ ሰውነቱን ሲያራግፍ የጀግናውን ጉልበት የሚያሳየው ክብ እያነሰ ይሄዳል፤ እኔም ጣቴ እስኪደነዝዝ ድረስ ጆይስቲኩን አጥብቄ መያዜን ያወቅሁት ፍጥረቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ሲወድቅ ደግሞ የድል ዜማ ስጠብቅ ሐዘን የተሞላ ሙዚቃ ተሰማ፤ ከሬሳው የወጡ ጥቋቁር ጅማቶችም ጀግናውን ወጉት። ገድዬ በማዘኔ የደነገጥኩበት የመጀመሪያው ጌም እሱ ነው።

(በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ያደግን ሰዎች በጨዋታ እየከፈልን የምንጫወተው በአብዛኛው ኳስ ነበር። ብቻን ተቀምጦ ሰዓታት የሚጠይቅ ጌም ለመጀመር ወረፋውም ኪሱም አይፈቅድም ነበርና፣ ኮሎሰስን ያገኘሁት ዘግይቼ ቤት ውስጥ ነው።)

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሜታል ጊር ሶሊድም መነሣት አለበት። ሳይኮ ማንቲስ የተባለው ጠላት ሜሞሪ ካርዱን (ጌም ሴቭ የሚደረግበትን ካርድ) አንብቦ ተጫዋቹ ሴቭ ካደረጋቸው ሌሎች ጌሞች አንዳንዶቹን ይጠራል። ሐሳብ እያነበበ ከጥቃት ሁሉ ስለሚያመልጥም፣ ዋናው መፍትሔ ጆይስቲኩን ነቅሎ በሁለተኛው መሰኪያ መሰካት ነው። ከስክሪኑ ውጭ ያለው ዕቃ የጌሙ አካል ይሆናል ብሎ ማን አሰበ?

ከቅርብ ዓመታት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን አውተር ዋይልድስን እመርጣለሁ። ተጫዋቹ በትንሽ መንኮራኩር ፕላኔቶችን እየዞረ ሲመረምር፣ 22 ደቂቃ ሲሞላ ፀሐይ ትፈነዳለች፤ ሁሉም ነገር ጠፍቶ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። መጀመሪያ ሲያጋጥመኝ ሩቅ ፕላኔት ላይ ቆሜ ጥንታዊ ጽሑፍ እያነበብኩ ነበር። ቀና ስል ቀልታና አብጣ የነበረችው ፀሐይ በአንዴ ኩምትር አለች፤ ወዲያው ሰማያዊ ብርሃን እየሰፋ ወደ እኔ መጣ፤ መሸሻም አልነበረም። የሚገርመው፣ በዚህ ጌም የሚያድግ መሣሪያም ሆነ ጉልበት የለም፤ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው የሚሻገረው ተጫዋቹ ያወቀው ነገር ብቻ ነው። የተዘጋ የመሰለውን መንገድ የሚከፍተውም እሱ ነው። ፀሐይ ለምን እንደምትፈነዳ እዚህ አልገልጽም፤ ራሱ ፈልጎ የሚደርስበትን ሰው ደስታ መንጠቅ ይሆናል።

ኤልደን ሪንግ በተባለው ጌም ወደ ሲዮፍራ ወንዝ የሚያወርደውን አሳንሰርም ያነሣችሁ አላችሁ፤ በሙሉ ልብ እስማማለሁ። ያለማቋረጥ ወደ ምድር ሆድ ሲወርዱ ቆይቶ ኮከብ የሞላበት ሰማይ ሥር መውጣት ካሰብኩት በላይ ሰፊ ለምለው ጥሩ ምሳሌ ነው።

ኮሎሰስን ያልሞከራችሁ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጥቷል። ዩቲዩብ ላይ ያለውን መመሪያ ሳታዩ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፍጥረታት ራሳችሁ እየተወጣችሁ ጀምሩት።