ባዶ መሆን ሲችል ዓለም ለምን ኖረ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን መብራት ጠፍቶ ዶርም ውስጥ ስንጫወት አንዱ ልጅ «እግዚአብሔር ፈጠረ ትላላችሁ፤ ግን መጀመሪያውኑ ምንም ነገር ባይኖርስ? ለምን ኖረ?» አለን። እኔም ሙስሊሙ ጓደኛዬም ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ይመጣብኛል። መልስ አለው? እንዲህ ማሰብስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከኋለኛው ልጀምር። ኃጢአት አይደለም። ጥያቄውን የጀመርከው አንተ አይደለህም፤ ሰውም አልጀመረውም። መላእክት ናቸው።

ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት በሚናገረው መጽሐፍ፣ በአክሲማሮስ እንደምንማረው፣ እሑድ መላእክት ሲፈጠሩ ፈጣሪያቸው ተሰወረባቸው። «ከየት መጣን? ማን ፈጠረን?» ተባባሉ። ሳጥናኤል ከሁሉ በላይ ነበርና ቀና ቢል ማንንም አላየ። «እኔ ፈጠርኋችሁ» አለ። ቅዱስ ገብርኤል ግን «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አላቸው። አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት ጸንተን እንቁም ማለቱ ነው።

ልብ በል፤ ገብርኤል «አትጠይቁ» አላለም። መልሱም ገና በእጁ አልነበረም። የወደቀው የጠየቀው ሳይሆን ተጣድፎ የሐሰት መልስ የሰጠው ነው። እኛ መምህራን ይህን ስናስተምር ቶሎ መላእክት ከሳጥናኤል ጋር ወደ ተዋጉት ውጊያ እንሮጣለን እንጂ እዚህች ላይ ብዙ አንቆምም።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሁለት ነገር ተደራርቦበታል፤ «ከማን?» እና «ለምን?»።

ጠዋት ቡና ሊፈላ ስኳር አለቀ እንበል። እናትህ ከጎረቤት ተበደሩ። ጎረቤቲቱም ከሌላ ተበድራ ነው፤ ያቺም ከሌላ። ሰፈሩን ሁሉ ብትዞር ሁሉም ተበዳሪ ከሆነ፣ ስኳሩ እናንተ ቤት ከየት ይመጣል? የሆነ ቦታ የራሱ ስኳር ያለው ሰው መኖር አለበት። ፍጥረት ሁሉ መኖርን የተበደረ ነው። አንተም፣ እኔም፣ አዌቱ ወንዝም፣ ፀሐይም ባንኖር ይቻል ነበር። እግዚአብሔር ግን ለሙሴ «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ» አለው። «እሱንስ ማን ፈጠረው?» ማለት ባለ ስኳሩን «አንተስ ከማን ተበደርክ?» እንደ ማለት ነው።

ይህን የሚቀበልም የማይቀበልም አለ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1714 እ.ኤ.አ. «ከምንም ይልቅ ለምን የሆነ ነገር ኖረ?» ብሎ ጽፎ ወደ ፈጣሪ አመለከተ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ራስል ደግሞ በ1948 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ሬዲዮ ከአንድ ቄስ ጋር ሲከራከር ዓለም እንዲሁ አለ፣ በቃ የሚል አቋም ያዘ። የዶርሙ ልጅ ይህን ቢጠቅስልህ አትቆጣ። እኔን የሚገርመኝ ግን፣ ለትንሹ ነገር ሁሉ «ለምን» ብለን ትልቁ ላይ ስንደርስ ማቆማችን ነው። ቢግ ባንግ የሚባለው የሳይንስ ትምህርትም ቢሆን ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት አንስቶ ዓለም እንዴት እንደሰፋ ይነግርሃል፤ የሚሰፋው ነገር ለምን እንደኖረ መናገር ሥራው አይደለም። እኛ «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ»፣ ካለመኖር ወደ መኖር ስንል ጥሬ ዕቃ እንኳ አልነበረም ማለታችን ነው።

«ለምን?» ለሚለው አባቶቻችን አጭር መልስ አላቸው፤ ሰውና መላእክት ስሙን ቀድሰው ክብሩን እንዲወርሱ። ጎድሎበት አልፈጠረም። ቸር ስለሆነ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ «ቸርነቱ ለምን እኛን መረጠ?» ብትለኝ እኔም አላውቅም። ኢዮብ እዚያ ደርሶ «ምድርን በመሠረትሁ ጊዜ አንተ ወዴት ነበርህ?» ተባለ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቁጣ ብቻ ያነበዋል። ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። ምዕራፍ 42 ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው መልስ ሁሉ አለን ባሉት ወዳጆቹ ላይ ነው። ሲጮህና ሲጠይቅ የኖረውን ኢዮብን ቅን ተናገረ ብሎ መሰከረለት።

ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ግን እንደ ኃጢአት ሳይሆን ልጅ አባቱን እንደሚያማክር። ቅዳሴ ላይ ሲመጣብህም አትታገለው፤ ባለህበት ቁም። ሙስሊሙን ጓደኛህን በስኳሩ ነገር አጫውተው። በዚህች ላይ እንኳ የምትለያዩ አይመስለኝም።