ሩዝ ላይ የምትበረው ወፍራም ቡናማ ቢራቢሮ፦ ልርጭ ወይስ ልተዋት?

ጥያቄ፦ «ሩዝ አመርታለሁ። ሰሞኑን ማሳዬ ላይ ትንሽዬ፣ ወፍራም፣ ቡናማ ቢራቢሮ በዝታለች። ስትበር ዓይን አይከተላትም። እዚህ አረፈች ስል እዚያ ናት። አንዳንዱ ቅጠል ጠርዙ ተበልቷል፤ ጥቂቱ ደግሞ ታጥፎ በክር ተያይዟል። ጎረቤቴ ‹ይህቺ የእሳት ራት ናት፤ ሳትፈጅህ ዛሬውኑ መድኃኒት ርጭ› ይለኛል። ምን ትላለህ?»

መልስ፦ ዛሬ አይርጩ። መጀመሪያ ቢራቢሮዋን እንወቃት፣ ከዚያ ማሳውን አብረን እናያለን።

የገለጹልኝ ነገር ሁሉ የሚያመለክተው ስኪፐር የሚባሉትን ቢራቢሮዎች ነው። በሳይንሱ አመዳደብ ሄስፔሪዴ የሚባል የራሳቸው ቤተሰብ አላቸው። በዓለም ላይ ወደ 4,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ሩዝ ላይ የሚገኙት ከእነዚህ ውስጥ በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። በአፍሪካም በእስያም ሩዝ ላይ በብዛት የምትጠቀሰው ፔሎፒዳስ ማቲያስ የምትባለዋ ናት።

ጎረቤትዎ ቢሳሳቱ አይፈረድባቸውም። ሰውነቷ ወፍራምና ጸጉራም ነው፤ ቀለሟም ደብዘዝ ያለ ነው። ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ ስኪፐሮችን ለረጅም ጊዜ ከሌሎቹ ቢራቢሮዎች ለይተው ለብቻ ነበር የሚመድቧቸው። በቢራቢሮና በእሳት ራት መካከል ያሉ የሚመስላቸው ብዙ ነበሩ። የዘረመል ጥናት ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከቢራቢሮዎች የዘር ሐረግ ቀድመው የተገነጠሉት እነዚያ ክንፋቸው ላይ ጭራ ያላቸው ትልልቆቹ ናቸው። ስኪፐሮች የተለዩት ከእነሱ በኋላ ነው። ስለዚህ ለነጯ የጎመን ቢራቢሮ የሥጋ ዝምድናዋ የሚቀርበው ያቺ የምታምር ባለጭራ ሳትሆን ይህቺ ቡናማዋ ናት። በቤተሰቡ ውስጥ ያሉት ንዑስ ክፍሎች ስንት ናቸው በሚለው ላይ ግን አሁንም ይከራከራሉ። እኛን አያገባንም፤ ይከራከሩ።

ማሳ ላይ ለመለየት አንቴናዋን ይመልከቱ። የሌሎች ቢራቢሮዎች አንቴና ጫፉ ላይ ያበጠ ነው። የስኪፐር አንቴናም ጫፉ ያበጠ ሆኖ፣ በአብዛኞቹ ላይ መጨረሻው ወደ ኋላ የታጠፈ መንጠቆ አለው። ሁለቱ አንቴናዎች የሚበቅሉትም ከሰፊው ጭንቅላቷ ላይ ተራርቀው ነው። የእሳት ራት አንቴና ግን እንደ ክር የቀጠነ ወይም ላባ የመሰለ ነው።

ሌላው ምልክት አቀማመጧ ነው። ሣርና የሣር ዘመድ የሆኑ ሰብሎችን የሚመገቡት ስኪፐሮች ጸሐይ ሲሞቁ የፊት ክንፋቸውን ግማሽ ያነሳሉ፣ የኋላውን ይዘረጋሉ። ያኔ ቢራቢሮዋ ለመነሳት የተዘጋጀች ትንሽ የጦር አውሮፕላን ትመስላለች። ይህን አቀማመጥ አንዴ ካዩት ሌላ ጊዜ አይሳሳቱም። ሌሎች የቤተሰቡ አባላት ደግሞ አራቱንም ክንፍ ጠፍጣፋ አድርገው ይዘረጋሉ። እነዚህን ብዙ ጊዜ ባቄላና አደንጓሬ ዘመዶች ላይ ወይም ቁጥቋጦ አካባቢ ያገኟቸዋል።

ቢራቢሮዋ ራሷ ቅጠል አትበላም። ረጅም መምጠጫ አላት፤ የምትኖረው በአበባ ማር ነው። ወንዶቹ እርጥብ መሬት ላይ ተሰብስበው ጨውና ማዕድን ሲመጥጡ ይታያሉ። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ቅጠል ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ የሚያልፈውን ሁሉ ያባርሩና ተመልሰው እዚያው ቦታ ያርፋሉ። ሴት እየጠበቁ ነው እንጂ ሰብልዎን እየጎዱ አይደለም። እናም ማሳ ላይ ስንት ቢራቢሮ በረረ ብሎ መቁጠር ምንም አይነግርዎትም። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሰው የሚበረውን ያይና የሚሳበውን ይረሳል።

ስለዚህ ወደ አባጨጓሬው እንሂድ። ሴቷ እንቁላሎቿን ቅጠል ላይ አንድ በአንድ ትጥላለች። ክብ፣ ነጣ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ እንቁላል ነው። ከዚያ የሚወጣው አባጨጓሬ አረንጓዴ ሲሆን፣ ካደገ ርዝመቱ እስከ 5 ሳንቲሜትር ይደርሳል። የስኪፐር አባጨጓሬ መለያው አንገቱ ነው። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ደግሞ ቀጭን ነው። ሌሎች አባጨጓሬዎች እንዲህ ያለ ጉልህ አንገት እምብዛም የላቸውም።

ቀን ቀን ቅጠል አጥፎ፣ ጠርዙን ከአፉ በሚያወጣው ሐር አያይዞ ውስጡ ይተኛል። ማታ ወጥቶ ይበላል። ሲያድግ ቤቱ ይጠበውና ሌላ ይሠራል። የሚበላው ከቅጠሉ ጠርዝ ጀምሮ ወደ መሐል አከርካሪው ነው።

ስለዚህ ፍጡር ከሚገርሙኝ ነገሮች አንዱ ጽዳቱ ነው። አብዛኞቹ የስኪፐር አባጨጓሬዎች ኩሳቸውን ቤታቸው ውስጥ አይጥሉም፤ ወደ ውጭ ያስፈነጥሩታል። በሰሜን አሜሪካ የምትገኝ አንዲት ዝርያ ላይ ተለክቶ፣ አባጨጓሬው ኩሱን ከሰውነቱ ርዝመት እስከ 38 እጥፍ ድረስ እንደሚወረውር ታውቋል። ነገሩ ለቅንጦት አይደለም። አባጨጓሬ የሚያድኑ ተርቦች የኩሱን ሽታ ተከትለው ስለሚመጡ ነው። ለእርስዎ ግን ይህ ጥሩ መለያ ይሆንልዎታል።

እንዴት? ሩዝ ላይ ቅጠል የሚያጥፍ ሌላ ተባይ አለ፤ ቅጠል ጠቅላይ የሚባለው የእሳት ራት ልጅ ነው። የታጠፈውን ቅጠል ይክፈቱት። ውስጡ በኩስ የተሞላ ከሆነ፣ አረንጓዴው ተፍቆ ቅጠሉ ላይ ነጫጭ መስመር ከቀረ፣ ሲነኩት ደግሞ አባጨጓሬው እየተወራጨ ከወደቀ ጠቅላዩ ነው። ውስጡ ንጹሕ ከሆነ፣ ጠርዙ ከተበላ፣ አባጨጓሬውም ዝግ ያለና ባለ አንገት ከሆነ ስኪፐር ነው። ተምች ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ቅጠል አያጥፍም፤ ሲመጣም በመንጋ ነው። ተምች ከሆነ የእኔን «አይርጩ» ይርሱት፤ ለተምች ቀን አይሰጥም።

ስኪፐር ከሆነ ግን ሩዙ ራሱ ይችለዋል። ሩዝ በልጅነቱ ቅጠል ቢበላበት አዲስ ያወጣል፤ ምርቱም እምብዛም አይነካም። ለዚህም ነው ከተዘራ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ለቅጠል በሊታ ተባይ ፀረ-ተባይ አለመርጨት በብዙ የሩዝ ባለሙያዎች የሚመከረው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሰብሉ ሲያዘረዝር ነው። ያኔ ፍሬውን በዋናነት የምትመግበው የመጨረሻዋ፣ ከዘለላው ሥር ያለችው ቅጠል ናት። እሷ ላይ ጉዳት ከበዛ ጉዳዩ ሌላ ነው።

በዚያ ላይ ስኪፐር ብዙ ጠላት አለበት። ትንንሽ ተርቦች እንቁላሉ ውስጥ የራሳቸውን እንቁላል ይጥሉበታል። ከፍ ያሉት ተርቦችና አንዳንድ ዝንቦች አባጨጓሬውን ከውስጥ ይበሉታል። ሸረሪቶች ቢራቢሮዋን እየበረረች በድራቸው ይይዟታል። ያገኘውን ሁሉ የሚገድል መድኃኒት ሲረጩ መጀመሪያ የሚያልቁት እነዚህ ናቸው። አባጨጓሬው ግን ቅጠሉን ዘግቶ ተኝቷል። በእስያ ሩዝ ላይ ያለ ጊዜው የተረጨ መድኃኒት ሸረሪቶቹን ጨርሶ፣ ቡናማዋን የሩዝ ፌንጣ መሰል መጣጭ በገፍ እንዳመጣ በደንብ ይታወቃል። ገንዘብ ከፍሎ ተባይ መግዛት ማለት ነው።

አነስ ያለ ማሳ ከሆነ የታጠፈውን ቅጠል በሁለት ጣት ጨፍለቅ ማድረግ ይበቃል። የግድ መርጨት ካስፈለገ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከሚባለው ባክቴሪያ የተሠራውን ይምረጡ። አባጨጓሬን ይገድላል፤ ሸረሪቱንና ተርቡን አይነካም። የሚሠራው ሲበላ ስለሆነ አባጨጓሬው ትንሽ እያለ፣ ወደ ማታ ላይ፣ ለመብላት ሊወጣ ሲል ይርጩት። ጸሐይ ቶሎ ያበላሸዋል።

ሙዝም ካለዎት አንድ ነገር ልጨምር። የሙዝ ስኪፐር የምትባለው ኤሪዮኖታ ከዚህች በጣም የከፋች ናት። መነሻዋ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። አባጨጓሬዋ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሰም የተቀባ ሲሆን፣ ሰፊውን የሙዝ ቅጠል ቀዳዶ ይጠቀልለዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ገብታ ብዙ ሙዝ አራቁታ ነበር። ያስቆማትም መድኃኒት ሳይሆን አባጨጓሬው ውስጥ እንቁላል የምትጥል ትንሽ ተርብ ናት። እርግጥ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠላ አይደለም። በሜክሲኮ አጋቬ በሚባል ተክል ውስጥ የሚያድገውን የአንዷን ስኪፐር አባጨጓሬ ሰው ጠብሶ ይበላዋል።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ጠዋት ላይ ማሳውን ከዳር ብቻ ሳይሆን በመሐሉም ይዙሩ። ከተለያየ ቦታ የታጠፉ ቅጠሎችን ይክፈቱና ኩስ መኖሩን፣ የአባጨጓሬውን አንገት ይዩ። ሞቶ የደረቀ ወይም ጎኑ ላይ ትንንሽ ነጭ ኮኮኖች (የተርብ ልጆች የሐር ቤቶች) የተደረደሩበት አባጨጓሬ ካገኙ እንዳይጨፈልቁት፤ ተርቦቹ ሥራ ላይ ናቸው። ሩዙ ስንት ቀኑ እንደሆነና የመጨረሻዋ ቅጠል መውጣት አለመውጣቷን ጽፈው ይላኩልኝ።