መልስ፦ የሕብለ ሰረሰር ማነቃቂያ ለልብ ሕመም

አባትዎን የደረት ውጋት አልለቅ እንዳላቸው ጠቅሰው፣ በጀርባ የሚቀመጠው የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ልባቸውን ያድን እንደሆነ ጠይቀዋል። መሣሪያው የተዘጋ የደም ሥር አይከፍትም፤ የሚያገለግለው መድኃኒትም ሆነ ቀዶ ሕክምና ያላስታገሰውን የአንጃይና (ልብ በቂ ደም ሲያጣ የሚመጣ የደረት ውጋት) ሕመም ለማቅለል ነው። ቀጭን ሽቦ በላይኛው ጀርባ በኩል ከሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውጭ ይገባል፤ ባትሪው ከቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ሕመምተኛውም ውጋቱ ይሰማው በነበረበት ቦታ መጠነኛ ንዝረት ይሰማዋል። በስዊድን 104 ሕመምተኞችን ያሳተፈውና በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ማነቃቂያውን ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር አነጻጽሮ ሕመምን በማስታገስ ረገድ ተቀራራቢ ሆነው አግኝቷቸዋል። ለልብ ድካም ግን በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው የዲፊት ኤችኤፍ ጥናት ጥቅም አላሳየም፤ ስለዚህ የአባትዎ ችግር እግር ማበጥና የትንፋሽ ማጠር ከሆነ፣ ተስፋዎን በዚህ ላይ እንዳይጥሉ በብርቱ እለምንዎታለሁ። ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ካላቸው ደግሞ አስቀድመው ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ሊረባበሹ ይችላሉና።