ሰው ሳይሰማን የምናወራበት ቤት

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ቁጭ ብሎ በቅጡ ለማውራት የሚሆን ሬስቶራንት ወይም ባር እንዴት ይገኛል? ጥያቄው ለእኔ ቅርብ ነው። መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ለዓመታት አስተናጋጅ ነበርኩ። ትሪ ይዤ ስዞር ያልሰማሁት የቤተሰብ ጉድ የለም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስለ ወላጆቻችን ቤት መነጋገር አለብን። እቤት እንዳናወራ ልጆች አሉ፣ እናታችንም አለች። ባለፈው ሰው የሌለበት፣ እጅግ ጸጥ ያለ ሬስቶራንት ፈልጌ ወሰድኩት። ወንድሜ ግን አንገቱን ደፍቶ ከ«እሺ» እና ከ«እናያለን» ሌላ ቃል አልወጣውም። ከዚህ የበለጠ ጸጥ ያለ ቦታ ከየት ላምጣ?
ታናሽ እህት

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ እኮ ቤቱ ጸጥ ማለቱ ነው። ሰው በሌለበት ቤት ሁለት ሰው ሲያወራ፣ ባንኮኒው ጋ የቆመው አስተናጋጅ ብርጭቆ እየወለወለ እያንዳንዱን ቃል ይለቅማል። ጨዋታው የጣመ እንደሆነ የተወለወለውን ብርጭቆ ደግሞ ይወለውላል። ወንድምሽ ይህ የገባው ይመስለኛል።

ለምስጢር የሚሆን ቤት ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። እናንተ ሳትጮሁ መደማመጥ አለባችሁ። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ደግሞ ቃላችሁን መለየት የለባቸውም። ስለዚህ ትንሽ ጫጫታ ያስፈልጋችኋል፤ ግን ወጥ የሆነ። የተደባለቀ የሰው ድምፅ፣ ቃል የሌለው ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ የሚፈስ ውሃ፣ የአየር ማቀዝቀዣ። አንዳንድ ቢሮዎች የሠራተኛው ወሬ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እንዳይሻገር ሆን ብለው እንዲህ ያለ ወጥ ድምፅ በስፒከር ይለቃሉ። ግማሽ ያህሉ የሞላ ቤት ይህንኑ በነፃ ይሰጥሻል።

ቀጥሎ በሩ ላይ ቁሚና ወለሉን፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን እይ። ሴራሚክ ወለል፣ መስታወት ግድግዳና ባዶ ኮንክሪት ጣሪያ ያለው ቤት ለፎቶ ያምራል። ለወሬ ግን አይሆንም፤ ድምፅ እየነጠረ ይመለሳል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና በጨርቅ የተለበጠ ሶፋ ድምፁን ይውጡታል። ይህን በልኬት ያሳየው ዋላስ ሳቢን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገና አዲስ የሆነ አንድ አዳራሽ እያስተጋባ ትምህርት አላሰማ አለ። ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶች አስመጥቶ እየደረደረ ድምፁ ለመጥፋት የሚፈጅበትን ጊዜ ለካ። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ይሞት ነበር። ለስላሳ ወንበር ምረጪ የምልሽ ለምቾት ብቻ አይደለም።

ቅስት ወይም ጉልላት ያለው ጣሪያ ካየሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። ኒውዮርክ ውስጥ፣ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ፣ ኦይስተር ባር የተባለው ሬስቶራንት ደጃፍ ላይ በሸክላ ጡብ የተሠራ ቅስት አለ። አንድ ሰው ጥጉ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቢያንሾካሹክ፣ በሰያፍ ማዶ ያለው ሰው ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። ጎብኚዎች ሊሞክሩት ይመጣሉ። ለውርስ ወሬ ግን ከዚያ የከፋ ቦታ አይታየኝም።

ጠረጴዛዋ ትንሽ ትሁን። ሰፊ ጠረጴዛ ሲሰጡት የማይደሰት ሰው የለም፤ ግን ሰፊ ጠረጴዛ ያስጮሃል። በመካከላችሁ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የምትሰሙት የእርስ በርስ ድምፅ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ከፍ ይላል። ያን ያህል ድምፃችሁን ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ ማለት ነው። ትይዩ ከመቀመጥ ይልቅ የጠረጴዛውን አንድ ማዕዘን በመካከላችሁ አድርጉ። ብዙ የሚያወራው ሰው ጀርባውን ለቤቱ ይስጥ፤ የሰው ድምፅ ይበልጥ የሚሄደው ፊቱ ወደዞረበት ነው። እንባ ቢመጣም ሰው አያየውም። የሚያዳምጠው ደግሞ ፊቱን ወደ ቤቱ ያድርግ። አስተናጋጅ ሲመጣ አይቶ በዓይኑ ይጠቅሳል።

ከስፒከር ሥር፣ ከወጥ ቤት በር አጠገብ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ አትቀመጡ። ከሁሉ በላይ ከሂሳብ መቀበያው ራቁ። እኛ አስተናጋጆች ሥራ ስንፈታ የምንሰበሰበው እዚያ ነው።

ሰዓቱንም አስቢበት። ቤቱ እየሞላ ሲሄድ እያንዳንዱ ሰው ለመሰማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ጎረቤቱም እሱን ለመብለጥ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1911 ይህን ጠባያችንን የጻፈው ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሰው ሳያውቀው ነው የሚጮኸው። ስለዚህ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ለእራት የሚመጣው ሰው ሳይገባ ሂዱ። ስልክ ደውለሽ ግን «ጸጥ ያለ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። የማይሆን መልስ ነው የምታገኚው፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። ይልቅ በቀጠሯችሁ ሰዓት፣ ከአንድ ሳምንት በፊት ደውዪና ሙዚቃ መቼ እንደሚጀምር ጠይቂ። እያናገረሽ ያለው ሰው ከጀርባው ምን እንደሚሰማ አዳምጪ። መልሱ እዚያ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ አባቴ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ያደርጋሉ። ምሳ ስጋብዛቸው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ግን እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ አለ ይባላል፤ ይረዳኛል?
የአባቱ ልጅ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወንበራቸውን ቀይር። አብዛኛው ሰው ለትልቅ ሰው ክብር ብሎ ቤቱን ሁሉ የሚያይ ወንበር ይሰጣል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ግን ከፊት የሚመጣውን ድምፅ አጉልተው ከኋላ ያለውን ማብረድ ይችላሉ። ስለዚህ ጫጫታው ከጀርባቸው ይሁን፣ አንተ ከፊታቸው። ብርሃኑ የአንተ ፊት ላይ ይረፍ። መስኮት ከኋላህ ካለ ፊትህ ይጨልማል፤ የከንፈርህን እንቅስቃሴ ማየት አይችሉም። አትጩህባቸው። ስትጮህ የቃሉ ቅርጽ ይበላሻል። ትንሽ ዝግ ብለህ ተናገር። ወንድሞችህንም ሰብስበህ አትሂድ፤ እንደ እሳቸው ላለ ሰው ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ከሙዚቃ ይብሳል።

መተግበሪያውን በተመለከተ፣ አዎ ይረዳል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለአይፎን ያዘጋጀው ነፃ መለኪያ አለ። ሳውንድፕሪንት የሚባለው ደግሞ ተጠቃሚዎች የየሬስቶራንቱን ጫጫታ ለክተው የሚመዘግቡበት ነው። ተራ ጨዋታ በአንድ ሜትር ርቀት 60 ዲሲቤል አካባቢ ነው። ስልክህ 70 ካለ አንተ ድምፅህን ከፍ ማድረግ ትጀምራለህ፤ አባትህ ቀድመው ተስፋ ቆርጠዋል። 75 ካለፈ ሳትቀመጡ ውጡ። አስተናጋጁ ቅር አይለውም፤ ከተቀመጠ በኋላ ሲያማርር ከሚውል ደንበኛ ይልቅ በር ላይ የተመለሰው ይሻለዋል።

ሙዚቃውን ቀንሱልን ማለትም ነውር የለውም። ግን አስተናጋጁ ምግብ ተሸክሞ ሲያልፍ ሳይሆን ትእዛዝ ሲቀበል ንገረው። ምክንያቱንም ጨምር። «አባቴ መስማት ይቸግራቸዋል» ስትለው የማይቀንስ ሰው ብዙም አላየሁም።

ጥያቄ፦ ከፍቅረኛዬ ጋር ልለያይ ወስኛለሁ። እንዳይጮህብኝ ሰው ባለበት ቦታ ልንገረው ብዬ ነው። ጥሩ ሬስቶራንት ይሻላል ወይስ ባር?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ሬስቶራንት ተዪ። ምግብ ታዝዞ፣ ነገሩ ተነግሮ፣ ምግቡ ገና ሳይመጣ ሁለት ሰው ተፋጦ መቀመጡን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሳህኑን ማስቀመጥ ለአስተናጋጁም ይከብዳል። የሚበላ የለ፣ የሚሄድ የለ። ባር ይሻላል፤ ያውም አመሻሽ ላይ፣ መጠጡ በሰው አእምሮ ላይ ሳይነግሥ። እሱ ሲጠጣ ጠባዩ የሚለወጥ ከሆነ ግን ባርም ይቅር፤ ቀን፣ ካፌ ይሁን። እንዳይጮህብኝ ያልሽው ከልብ የሚያስፈራሽ ነገር ስላለ ከሆነ ደግሞ ጓደኛሽ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ፤ ወይም በስልክ ንገሪውና ጨርሺ። በአካል መንገር ጨዋነት ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም።

ጥግ አትያዢ። ለታናሿ እህት ብዙ የሚያወራው ጀርባውን ለቤቱ ይስጥ ያልኳትን ለአንቺ አልመክርም። ግድግዳው ሥር ከተቀመጥሽ ለመውጣት እሱ መነሣት ይኖርበታል። በሩ የሚታይበት፣ ከሰው ትንሽ ፈቀቅ ያለ ወንበር ያዢ። የየራሳችሁን መኪና ወይም ታክሲ ይዛችሁ ኑ፤ አብሮ መመለስ የሚባል ነገር እንዳይኖር። መጠጡ ሲመጣ እዚያው ሂሳቡን ክፈዪ። ያኔ ለመሄድ ስትነሺ አስተናጋጅ የምትጠብቂበት ምክንያት አይኖርም።