ጓንት ማድረግ መጸየፍ አይደለም

በካንሰር ሕክምና ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ወጣት ነርሶችና የፋርማሲ ባለሙያዎች፤

በየቀኑ የምትይዟቸው የኬሞቴራፒ (የካንሰር) መድኃኒቶች ብዙዎቹ ካንሰሩን የሚገድሉት የሕዋሱን ዘረመል በማበላሸት ነው። ለምሳሌ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው መድኃኒት የዲኤንኤን (ዘረመሉ የተሠራበትን ንጥረ ነገር) ሁለት ክሮች አጣብቆ ሕዋሱ እንዳይባዛ ያደርገዋል። የታማሚውን ሕዋስ ከእናንተ ሕዋስ ግን አይለይም። ታማሚው ከጉዳቱ ጋር ፈውስ ያገኝበታል፤ ለእናንተ የሚተርፋችሁ ጉዳቱ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 የፊንላንድ ተመራማሪዎች እነዚህን መድኃኒቶች በሚያዘጋጁ ነርሶች ሽንት ውስጥ ዘረመልን የሚለውጥ ባሕርይ አገኙ። በ1985 ደግሞ እዚያው አገር በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት ለመድኃኒቶቹ የተጋለጡ ነርሶች ላይ የፅንስ መጨንገፍ በዝቶ ታየ። ከዚያም ወዲህ በተለያዩ አገሮች መድኃኒቶቹን በሚይዙ ሠራተኞች ደም ላይ የክሮሞሶም (ዘረመል የተጠቀለለበት አካል) ስብራት በዝቶ ያገኙ ጥናቶች አሉ። ስብራት የታየበት ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ ችላ የሚባል ግን አይደለም።

መድኃኒቱ ወደ እናንተ የሚደርሰው እንዲህ ነው፦ ብልቃጡ ውስጥ አየር አብዝታችሁ ገፍታችሁ መርፌውን ስትነቅሉ ዓይን የማያየው ጭጋግ ይወጣል። ጠብታው ጠረጴዛው ላይ ይደርቅና በጓንታችሁ ወደ በሩ እጀታ፣ ወደ ስልካችሁ፣ ወደ ታማሚው ካርድ ይሻገራል። በአልኮል መወልወል መድኃኒቱን አያከሽፈውም፤ ያዳርሰዋል እንጂ። የቀዶ ሕክምና ማስክም ጭጋጉን አያስቀርም።

ጎበዝ ነርሶች ጋውኑንና ድርብ ጓንቱን የሚተዉት ብዙ ጊዜ ከስንፍና አይደለም፤ ታማሚው የተጸየፉት እንዳይመስለው ሰግተው ነው። ይህ ርኅራኄ ያሳዝነኛል፤ ዋጋው ከባድ ነውና። «እማማ፣ መድኃኒቱ ለእርስዎ የታዘዘ ነው፤ እኔን ከነካኝ ይጎዳኛል» በሏቸው። ይገባቸዋል፤ «ተጠንቀቂ ልጄ» ብለው የሚመርቁም አሉ።

ለአስታማሚዎችም አስቡ። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት የታማሚው ሽንትና ትውከት በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ፖፖውን የምታነሣው ግን እህቱ ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ብዙ ጊዜም የነገራት የለም። ጓንት ስጧት፤ ምክንያቱንም አስረዷት።

ነፍሰ ጡር የሆንሽ፣ ለማርገዝ ያሰብሽ ወይም የምታጠቢ፣ መድኃኒት ከማዘጋጀት ሥራ እንድትቀየሪ ዛሬውኑ ጠይቂ። ልጅ ለመውለድ ያሰባችሁ ወንዶችም እንደዚሁ፤ የዘር ፍሬያችሁም ከጉዳቱ አያመልጥም። ኃላፊው «ሰው የለንም» ቢል ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቅጂውንም እናንተ ዘንድ አስቀምጡ።